ሌባው ተገኘ?

ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ ሕንጻው በሙሉ በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» አለ። እኔ ላፕቶፔንና ማይኬን ይዤ ወደ ቁም ሳጥኔ ሮጥኩ።

እብደት ይመስላል፤ ግን ምክንያት አለኝ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ዝም ይላል። የጎን ጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም ይላል። ከማዶ ያለው የብረት በር ሠሪ ማሽኑን ያቆማል። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ላይ ተቀምጦ ድምፅ ለሚቀዳ ሰው፣ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም። (አንድ ቀን ጸጥታ ፍለጋ ፍሪጁን ነቅዬ መልሼ መሰካት ረስቼ ሥጋ ተበላሽቶብኛል። ከዚያ ወዲህ የምጠብቀው መብራት ኃይልን ነው።) ልብሶቼን ወደ ዳር ገፋ፣ ጋቢ ከላይ ጣል፣ በርጩማው ላይ ቁጭ። ባትሪው ሁለት ሰዓት ያህል ይይዝልኛል።

የምቀዳው መጽሐፍ ነው። ሊብሪቮክስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ አለ። በፈረንጆቹ 2005 ሂዩ ማጓየር የተባለ የሞንትሪያል ሰው ነው ያስጀመረው። የደራሲ መብታቸው ያለፈባቸውን የቆዩ መጻሕፍት ሰዎች በየቤታቸው እያነበቡ ይቀዳሉ፣ ለማንም በነጻ ይለቀቃል። ደመወዝ የለም። ድምፅህ ያምራል አያምርም ብሎ የሚፈትንም የለም። የአንድ ደቂቃ ናሙና ትልካለህ፤ የሚያዩት ማይክህ ደህና መሆኑን ነው።

እኔ የገባሁት ግን ለማንበብ አልነበረም። ለመስማት ነው። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ጀርባ፣ ከመለቀቁ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያዳምጥ አንድ ሰው አለ። እነሱ ፕሩፍ ሊስነር ይሉታል። ቀን ቀን ሒሳብ ስለምሠራ የሰው ስሕተት መልቀም ሙያዬ ነው፤ ሥራው እጄ ላይ የተሰፋ ያህል ሆነልኝ።

ምን እንደሚለቀም ልንገራችሁ። አንባቢው ይደናቀፋል፣ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ይጀምራል፣ ከዚያ የተደናቀፈበትን መቁረጥ ይረሳል። ይሄ ከሁሉ የበዛው ነው። «14 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ተነቧል» ብዬ እጽፋለሁ። በጣም የረዘመ ዝምታ አለ። የወንበር ሲጥጥ ማለት አለ። ድምፁ 89 ዴሲቤል አካባቢ መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ አምስት ሰከንድ ባዶ መተው አለበት። አንድ ጊዜ በጣም ጥሩ የሚያነቡ ሽማግሌ መሐል ላይ የግድግዳ ሰዓታቸው ሰባት ጊዜ ደወለ። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም፤ እያነበቡ ቀጠሉ። ጻፍኩላቸው እንጂ ልቤ ግን ይተወው ብሎኝ ነበር።

የማይለቀመው ደግሞ አክሰንት ነው። የአነባበብ ስልትም እንደዚያው። «ቀስ ብለህ አንብብ»፣ «ስሜት ጨምርበት» ማለት አይቻልም። አንባቢው ከየትም ይምጣ፣ እንግሊዝኛውን በየትኛውም ምላስ ይጥራው፣ ጽሑፉ ላይ ያለው ሁሉ ከተነበበ ተነበበ ነው። ይህን ደንብ መጀመሪያ ሳየው እንደ ቸርነት ቆጠርኩት። እኔ ራሴ እስካነብ ድረስ ምን ያህል እንደሚያስፈልገኝ አላወቅሁም።

በነገራችን ላይ መጽሐፍ በጆሮ መስማት ለእኛ አዲስ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲያነብ የሰማ ሰው፣ በኋላ መጽሐፉን ገልጦ ራሱ ሲያነብም የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ እንደዚያ ናት። ችግሩ ከወጋየሁ በኋላ ማይክ ፊት መቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል።

መጽሐፋችን የዊልኪ ኮሊንስ «ዘ ሙንስቶን» ነው፤ የጨረቃ ድንጋይ እንበለው። በ1868 በፈረንጆች የታተመ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ነው፤ ከዚህ ዘውግ የእንግሊዝኛ በኵሮች መሐል ይቆጠራል። አንዲት ወጣት በ18ኛ ልደቷ ቀን ትልቅ ቢጫ አልማዝ በውርስ ይደርሳታል። በዚያው ሌሊት ከክፍሏ ይጠፋል። ታሪኩን የሚተርከው አንድ ሰው አይደለም፤ አሽከሩ፣ ዘመዲቱ፣ ጠበቃው፣ ሐኪሙ ሁሉም ያየውን ብቻ ይናገራል፣ እንደ ምስክር። ለቡድን ንባብ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ለእያንዳንዱ ተራኪ አንድ አንባቢ ተመደበ።

ሽማግሌው አሽከር ግራ ሲገባው «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን ከፈት አድርጎ ዓይኑ ያረፈበትን መስመር እንደ ትንቢት ያነባል። እኛ ሰፈር ቢሆን ዳዊት ነበር የሚከፍተው። ዘመዲቱ ደግሞ የሃይማኖት በራሪ ጽሑፍ በሰው ቤት ውስጥ በየትራሱ ሥር እየደበቀች የምትሄድ ሴት ናት። የሷን ክፍል ያነበበችው ሴትዮ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሁለት ቦታ ላይ ትንፋሿ ይሰማል። ይሄንንም ጽፌላታለሁ፤ ከነፈገግታዬ።

እኔ መቅድሙን ወሰድኩ። አጭር ስለሆነ ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። መቅድሙ የሚሆነው ከዋናው ታሪክ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀድሞ፣ በ1799፣ ደቡብ ሕንድ ውስጥ ነው። እንግሊዞች ሰሪንጋፓታምን ሰብረው ሲገቡ አንድ መኮንን አልማዙን የሚጠብቁ ሦስት ሰዎችን ገድሎ ይወስደዋል። ድንጋዩ የጨረቃ አምላክ ምስል ግንባር ላይ የነበረ ነው። ሲጽፍ የምናገኘው የመኮንኑ ዘመድ ነው፤ ደም የሚንጠባጠብበትን ጩቤ በዓይኑ አይቷል። ግን ሲገድል አላየሁም፣ ማስረጃ የለኝም ይላል። ዝም ይላል። ጽሑፉ ስለ ሕንዶቹ የሚጠቀማቸው አንዳንድ ቃላት አፍ ላይ ይከብዳሉ። መቀየር አይፈቀድም፤ እንደታተመው ነው የሚነበበው። «ሰሪንጋፓታም» የሚለውን ብቻ ሠላሳ ጊዜ ያህል ለብቻዬ ብየዋለሁ።

ልኬ በሦስተኛው ቀን የኔ አራሚ፣ ሌላ አገር ያለ ሰው፣ መልስ ሰጠኝ። ስለ አክሰንቴ አንድ ቃል የለም። ሁለት ትንንሽ ነገሮች ጠቅሶ ሦስተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ ከ7 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ጀምሮ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከሩቅ ዱብ ዱብ የሚል ነገር አለ፤ ምን ይሆን?

ሙቀጫ ነዋ! የታችኛው ፎቅ እማማ ቡና።

ወረድኩ። በራቸው ክፍት ነበር። ሙቀጫውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው ዘነዘናውን አንሥተዋል።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሲወቅጡ ድምፁ ማይክ ውስጥ እየገባብኝ ነው።»

«ምን ውስጥ?»

«መጽሐፍ እያነበብኩ እቀዳለሁ።»

«ለፈተና ነው?»

«አይ፣ እንዲሁ በነጻ።»

«በነጻ!» አሉና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ስለ ምንድን ነው ደግሞ?»

«ስለ ሌባ። ውድ ድንጋይ ጠፍቶ ማን እንደ ሰረቀው ይፈለጋል።»

«እሱማ ይፈለግ እንጂ» አሉ። ዘነዘናውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

ተስማማን። መቅዳት ስጀምር ወለሉን በተረከዜ አንዴ እመታለሁ፤ ስጨርስ ሦስቴ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ሰላምታቸው ተቀየረ። «እንዴት አደርሽ» ቀርቶ «ሌባው ተገኘ?» ሆነ። ዘምቢል ይዘው ሲወጡ፣ «ሌባው ተገኘ?» ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ፣ «ሌባው ተገኘ?» እኔም እንደ ዜና አቅራቢ የደረስኩበትን አወራለሁ። መርማሪው መጣ፣ ጽጌረዳ የሚወድ ሰው ነው። በሩ ላይ ያልደረቀ ቀለም ነበር፣ የሰው ልብስ ነክቶታል። ልብሱ የማን እንደሆነ አልታወቀም። እማማ በየቀኑ የሚጠረጥሩት ሰው ይቀያየራል።

አንድ እሑድ ቡና ላይ ተቀምጬ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ አሉኝ። መቅድሙን ነገርኳቸው። ከተማው ሲወረር፣ መኮንኑ፣ ሦስቱ ጠባቂዎች፣ ጩቤው። ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ ዝም ብለው ሰሙ።

«ታዲያ ሌባው ተገኝቷል እኮ» አሉ።

«አይ እማማ፣ እሱ ሌላ ነው። አሁን የሚፈለገው ከልጅቷ ክፍል የወሰደው ነው።»

«ከልጅቷማ የተሰረቀውን ነው የሰረቁት። ፊት የወሰደውን ትታችሁ የኋለኛውን ስትፈልጉ ነው የከረማችሁት?»

ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ያን ሁሉ ምዕራፍ በጆሮዬ አጣርቻለሁ፤ የአንዲት ሴትዮ ትንፋሽ እንኳ አላመለጠኝም። መኮንኑ ግን አምልጦኛል። ለእኔ መቅድሙ የታሪኩ መግቢያ በር ብቻ ነበር። ደራሲው ግን አውቆበታል ባይ ነኝ፤ ባያውቅበት ኖሮ መጽሐፉን በዚያ ከፍቶ በዚያው አይዘጋውም ነበር።

ተነሥቼ መቼ እንደወጣ አየሁ። ልቦለዱ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ በቻርልስ ዲከንስ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ነው የወጣው፤ ከጥር 4 እስከ ነሐሴ 8 ቀን 1868 በፈረንጆች። ቀኑን ወደ እኛ ስመልሰው እጄ ቆመ። 1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 መቅደላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን የጠጡበት ቀን። እንግሊዞች አምባውን የዘረፉት፣ ዘረፋውን በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ያወጡት በዚያው ሰሞን ነው። ለንደን ውስጥ ደግሞ ሰው በየሳምንቱ መጽሔቱን ገዝቶ አልማዙን ማን ወሰደው እያለ ይጨነቃል። ኮሊንስ መቅድሙን ሲጽፍ ስለ መቅደላ ሊያውቅ አይችልም፤ ገና አልሆነም። ብቻ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ወቅት ጎን ለጎን ሲሄዱ ነበር።

ለእማማ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ «ታቦቱስ?» አሉ። 11 ታቦታት ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ማንም በማያያቸው ዝግ ክፍል እንደተቀመጡ ነገርኳቸው። አማተቡና የረከቦቱን ጠርዝ በእጃቸው ጠረጉ። ጠርዙ ንጹሕ ነበር።

ወደ ትናንት ልመለስ። የመጨረሻውን ክፍል ይዞ የነበረው አንባቢ ሥራ በዝቶበት ተወው። እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል፤ ማንም ማንንም አይወቅስም። ማን ይውሰደው ተብሎ ሲጠየቅ እኔ አልኩ። ሌባውን አልነግራችሁም፤ እሱን ራሳችሁ ድረሱበት። የድንጋዩን መጨረሻ ግን ልናገር ነውና ማወቅ የማትፈልጉ እዚህ ላይ ቁሙ።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጨለማ ነው፤ የስክሪኑ ብርሃን ብቻ አለ። ወለሉን አንዴ መታሁ። ታሪኩ በ1850 ሕንድ፣ ሶምናት ነው። በጨረቃ ሌሊት እልፍ ሕዝብ ተሰብስቧል። ከተገደሉት ጠባቂዎች በኋላ ድንጋዩን ለማስመለስ ባሕር ተሻግረው ለዓመታት የተንከራተቱት ሌሎች ሦስት ብራህማኖች፣ የሂንዱ ካህናት፣ ይለያያሉ። ባሕር በመሻገራቸውና ማንነታቸውን በመደበቃቸው ከወገናቸው ደረጃ ወርደዋል። ሦስቱም በየፊናቸው ለንስሐ ይሄዳሉ፤ ዳግመኛ አይገናኙም። ሕዝቡ መንገድ ይከፍትላቸዋል። ከዚያ መጋረጃው ይገለጣል፣ አልማዙ ምስሉ ግንባር ላይ ነው።

እዚህ ጋ ድምፄ ሰለለብኝ። ቆም ብዬ ደገምኩት። የመጀመሪያውን ቆርጬ አወጣሁ፤ ይሄንን ስሕተት በደንብ አውቀዋለሁ። መጨረሻ ላይ ዝም ብዬ አምስት ሰከንድ ቆጠርኩ። ውጪ ውሻ እንኳ አልጮኸም።

ሦስቴ መታሁ። ብዙም ሳይቆይ ከታች ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።

ሻማ ይዤ ወረድኩ። ከሰሉ ተያይዟል። ቆሎ ቀርቧል። እማማ ሌባው ተገኘ አላሉኝም።

«ገባ?» አሉ።

«ገባ እማማ። ቦታው ተመለሰ።»

«እልል በሉ! ከተወሰደ በስንት ዓመቱ?»

አሰብኩ። ከ1799 እስከ 1850። «በሃምሳ አንድ።»

«ሃምሳ አንድ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንዱን እጅ ጨርሰው ወደ ሌላው ተሻገሩ፣ ተመልሰው እንደገና ጀመሩ። ከየትኛው ዓመት እንደተነሡ አልጠየቅኳቸውም። ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን ጭስ አደረገው።