«መንግሥት ተዘጋ? ማን ገለበጠው?»

እናቴ ከደሴ ደውላ የጠየቀችኝ እንዲህ ብላ ነው። «ልጄ፣ የአሜሪካ መንግሥት ተዘጋ ይላል ሬዲዮው። ማን ገለበጠው?» ማንም አልገለበጠውም እማዬ፣ በጀት ላይ አልተስማሙም አልኳት። «ታዲያ ትልቁ ሰውዬ ዝም ብሎ ያያል?» ትልቁ ሰውዬ ራሱ የጠቡ አካል ነው ብላት ጭራሽ ግራ ገባት።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2018 መጨረሻ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ካለበት ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ እሠራ ነበር። የዲሲን ፓርኪንግ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀን አበሻ፣ ማታም አበሻ ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለሜክሲኮ ድንበር ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ። ሁለት ምክር ቤቶች ያሉት ሕግ አውጪው ኮንግረስ ላይ ሳይሳካ ቀረ። ከዲሴምበር 22 ጀምሮ የብዙ መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ ተቋረጠ። 35 ቀን ቆየ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከታዩት ሁሉ ረጅሙ ነበር። ወደ 800,000 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ቀረበት። ሠራተኛ ሲጠፋ መኪና ጠፋ። መኪና ሲጠፋ እኛም «ስንደውልላችሁ ትመጣላችሁ» ተባልን።

እቁብ ደግሞ አይዘጋም። ኪራይም እንደዚያው። ማታ ማታ ኡበር መንዳት ጀመርኩ። ግን ከተማው ሁሉ ኪሱ ባዶ ሆኖ ማን ይሳፈራል?

አልፎ አልፎ ፓርኪንጉ ሲጠራኝ የማገኛቸው አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ነበሩ። ሥራቸው አስፈላጊ ነው ተብሎ ያለ ደመወዝ ይገባሉ። አንድ ቀን ምሬቴን ሳወራቸው ሳቁና «ማዲሰንን ውቀስ» አሉኝ። ቁልፋቸውን ይዘው ቆመው ረጅም ትምህርት ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ሥራ ስለሌለኝ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ጄምስ ማዲሰን አራተኛው ፕሬዚዳንት ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ በሽታ የማያጣው ሰው ነበር። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ከሁሉም በላይ አጥንቶ የገባው እሱ ነው። ጄፈርሰን ከፓሪስ በላከለት መጻሕፍት የጥንት መንግሥታት እንዴት እንደፈረሱ ሲመረምር ከርሟል። ማዲሰን ንጉሥንም፣ ምክር ቤትንም፣ ሕዝብንም ሙሉ በሙሉ አያምንም። ሰዎች መላእክት ቢሆኑ ኖሮ መንግሥት ባላስፈለገ ነበር ይላል። እኛ አገር ሹም ሲሾም ልቡን ያራራልን ብለን እንጸልያለን። እሱ ግን ልቡ ባይራራስ ብሎ ነው የተነሳው። ስለዚህ አንዱን ሥልጣን በሌላው አሰረው። ከግምጃ ቤት በሕግ ካልተፈቀደ ሳንቲም እንዳይወጣ ሕገ መንግሥቱ ሲደነግግ፣ ማዲሰን ይህ የገንዘብ ሥልጣን የሕዝብ ተመራጮች ትልቁ መሣሪያ ነው ብሎ ተከራከረለት። ፕሬዚዳንቱ ይፈልጋል፣ ኮንግረስ ይከለክላል። መሐል ላይ እኔ ፓርኪንግ ውስጥ እቆማለሁ።

እውነቱን ለመናገር ጠበቃው ትንሽ በደሉት። መሥሪያ ቤት በር ዘግቶ ሠራተኛ የሚበትነው የማዲሰን ሐሳብ አይደለም። ያ የመጣው ያልተፈቀደ ወጪን ለመከልከል በ1884 ከወጣ ሕግና፣ በ1980 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ ለዚያ ሕግ ከሰጡት ጥብቅ ትርጉም ነው። ከዚያ በፊት በጀት ቢዘገይም ቢሮዎች በአብዛኛው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። ደግሞ ማዲሰን የፈለገውን ሁሉ አላገኘም። ትንሹም ትልቁም ክፍለ ግዛት ከኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ በሆነው በሴኔት እኩል ድምፅ እንዲኖረው አልፈለገም፤ ተሸነፈ። የሕገ መንግሥቱ አባት ሲሉትም የብዙ ሰው ሥራ ነው ብሎ መልሷል።

ያኔ በጣም ያናደደኝ የኮንግረስ አባላት ደመወዝ አለመቋረጡ ነው። «ለምን የነሱን አያቆሙትም?» አለ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ። እዚህም ላይ ማዲሰን አለ። በ1789 ባቀረባቸው የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ውስጥ የኮንግረስ ደመወዝ ለውጥ ምርጫ ሳይካሄድ ሥራ ላይ አይውልም የሚል ነበረበት። አሥሩ በ1791 ጸደቁ፤ ይህኛው ግን ተረስቶ ቀረ። በ1982 ግሪጎሪ ዋትሰን የተባለ የቴክሳስ ተማሪ ስለዚህ ማሻሻያ የትምህርት ቤት ጽሑፍ ጻፈና «ሲ» የሚል ውጤት አገኘ። እልህ ይዞት ለየክፍለ ግዛቱ ደብዳቤ ሲልክ ከረመ። በ1992 ጸደቀ። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ! ጽሑፉ «ሲ» ይዞ መቅረቱም አልዘለቀም፤ በ2017 ዩኒቨርሲቲው ውጤቱን ወደ «ኤ» ቀየረለት።

እንደዚያም ሆኖ አሠራሩን አልጠላሁትም። በእኛ አቆጣጠር የ2007ቱን የኢትዮጵያ ምርጫ አስታውሳለሁ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ያዙ። እንዲህ ያለ ምክር ቤት በጀት ላይ ተጣልቶ ማንንም ከሥራ አያስቀርም። እጅ ይወጣል፣ ይጸድቃል፣ ይሄዳል። የእኔን የወር ደሞዝ ያስቀረው ጠብ ቢያንስ በአደባባይ የተደረገ ጠብ ነው።

በበጋው ቨርጂኒያ የሚገኘውን የማዲሰንን ቤት፣ ሞንትፒሊየርን ሄጄ አየሁ። ምድር ቤቱ በባርነት ስለተያዙት ሰዎች ነው የሚናገረው። ጡቡ ላይ የሠሩት ልጆች የጣት አሻራ አለ። ሥልጣንን ያን ያህል የፈራ ሰው በገዛ ቤቱ ያለ ገደብ ይዞት ኖረ። ሲሞትም ነፃ አላወጣቸውም። ከእነሱ አንዱ፣ ፖል ጄኒንግስ፣ በኋላ ነፃነቱን አግኝቶ ዋሽንግተን ውስጥ በጡረታ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። የማዲሰን ሚስት ስትደኸይ ከኪሱ እያወጣ ይሰጣት እንደነበር ጽፏል። ከቤቱ ጌታ ይልቅ እሱን ነው ይዤ የተመለስኩት።

የመንግሥት ሠራተኞቹ ውዝፋቸው በሕግ ተከፈላቸው። እኛ የኮንትራት ሠራተኞች ነን ተብለን ቀረን። ለእኛ ዓይነቱም ይከፈል የሚል ረቂቅ ኮንግረስ ውስጥ ቀርቦ ነበር፤ ሕግ ሆኖ ግን አልወጣም። ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ለወረዳዬ ተመራጭ ጻፍኩ። መልስ መጣልኝ። በጣም ትሁት ደብዳቤ ነው፤ ጥፋቱ የሌላኛው ምክር ቤት ነው ይላል።