ከሁለት መስመር መገናኛ የተቀዳ ናሙና

በፍሳሽ መስመር ቁጥጥር ሥራ ሁለተኛ ዓመቴን እንደያዝሁ፣ ብረታ ብረት በኒኬልና በክሮም የሚለብጥ አንድ ድርጅት ያልተጣራ የአሲድ ፍሳሽ ሌሊት ሌሊት ወደ ከተማው መስመር እንደሚለቅ ጥቆማ ደረሰን። ጥቆማውን ያመጡት የራሳችን የጥገና ሠራተኞች ነበሩ። ከድርጅቱ በታች ባለው ማንሆል (ወደ ፍሳሽ መስመሩ መውረጃ ጉድጓድ) የሲሚንቶው ግድግዳ በጣት ሲነካ እንደ እርጥብ ኖራ ይፈረፈር ነበር፤ የብረት መወጣጫዎቹም ተበልተው ስለ ሳሱ ሰዎቹ እግራቸውን ሊያሳርፉባቸው ፈርተዋል።

በዚያው ሳምንት ሌሊት ሄጄ ከማንሆሉ ናሙና ቀዳሁ። መለኪያው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2.3 አሳየ፤ ደንባችን ደግሞ ከ5 በታች የሆነ ፍሳሽ ወደ መስመሩ እንዳይገባ ይከለክላል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲድነቱ በ10 እጥፍ ስለሚጨምር፣ ፍሳሹ ከወሰኑ 500 እጥፍ ያህል የበረታ ነበር ማለት ነው። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ጠርሙሱን አሽጌ ተመለስሁ።

ችሎት ላይ የተከሳሽ ጠበቃ የጠየቀኝ ሦስት ነገር ብቻ ነው። በዚያ ማንሆል ውስጥ ስንት መስመር ይገናኛል? ሁለት፤ አንዱ የተከሳሹ፣ ሌላው የጎረቤት ድርጅት። ከመገናኛው በላይ ናሙና ተወስዷል? አልተወሰደም። የጠርሙሱ የማሸጊያ ቁጥር በርክክብ ቅጹ ላይ የት ተጽፏል? አልተጻፈም። ተከሳሹ በነጻ ተሰናበተ፤ ዳኛው ተሳስተዋል ብዬ ግን ያን ጊዜም ዛሬም አላምንም። ያቀረብሁት ማስረጃ አሲድ መኖሩን እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም ነበር።

ከውሳኔው ይልቅ ያመመኝ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት የጥገና ቡድኑ አለቃ፣ «ልጄ፣ እዚያ ውስጥ የምንወርደው እኮ እኛ ነን» ያሉኝ ነው። ልክ ነበሩ። አሲድ ሰልፋይድ (የድኝ ውህድ) ካለበት ፍሳሽ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ መጠኑ 100 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 100 እጅ) አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው የጠፋለት ሠራተኛ አደጋው ያለፈ ሊመስለው ይችላል።

ለሁለተኛው ቁጥጥር የወጣነው ዘጠኝ ወር ቆይቶ ነው። በዚህ ጊዜ የመስመሩን ንድፍ ይዘን ከላይኛው ማንሆል፣ ከድርጅቱ መውጫ ገና ከሌላው ፍሳሽ ሳይቀላቀል፣ ከጎረቤቱ መውጫና ከመገናኛው በታች ናሙና ወሰድን። ፒኤች በጉዞ ስለሚለወጥ እዚያው ለካን፤ መለኪያው ከሥራው በፊትና በኋላ ፒኤቻቸው 4 እና 7 በሆኑ ማስተካከያ ፈሳሾች መፈተሹንም በቃለ ጉባኤው አሰፈርን። በፍሳሹ ያለው ብረት ለሚመረመርበት ጠርሙስ፣ ብረቱ ሟሙቶ እንዲቆይ፣ ናይትሪክ አሲድ ጨመርን፤ ከእያንዳንዱ ናሙና ግማሹን አሽገን፣ ድርጅቱ ራሱ እንዲያስመረምር ለተረኛ ኃላፊው አስፈርመን ሰጠን። ላይኛው ማንሆል 7.1፣ የጎረቤቱ መውጫ 7.4፣ የተከሳሹ መውጫ 2.1 ነበር።

ያው ጠበቃ ያንኑ ጥያቄ ደገመ፤ እኔም መልሱን ከቅጹ ላይ አነበብሁ። ድርጅቱ ተቀጣ፤ አሲዱን የሚያመክን ገንዳ ሠርቶ እስኪያስመረምር ድረስም መውጫው እንዲዘጋ ታዘዘ። የተበላው ማንሆል የእድሳት ወጪ ግን በከተማው ላይ ቀረ፤ በመጀመሪያው ሌሊት የግድግዳውን ፎቶግራፍ ስላላነሳሁ፣ በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ምን ያህሉ እንደ ተበላ ለችሎቱ የምናሳየው ነገር አልነበረንም።