የሚንጠባጠበው ከዚህ፣ የተቀደደው ከዚያ

ደንበኛዋ ስትደውል የነገረችን አጭር ነው። «ዓሦቹ ደህና ናቸው። ተክሉም ደህና ነው። ውሃው ግን እየጠፋ አስቸገረኝ።» ጠዋት ትሞላዋለች፣ በማግስቱ ወርዶ ታገኘዋለች። እኛ በየቤቱ እየዞርን አኳፖኒክስ፣ ማለትም ዓሣና ተክል በአንድ ውሃ አብረው የሚያድጉበትን ሥርዓት፣ የምንገጥም ትንሽ ቡድን ነን። ይሄኛውን የሠራው ግን ሌላ ሰው ነበር።

አሠራሩ የተለመደው ነው። ከታች የዓሣ ገንዳ አለ። ከላይ በጣውላ ተሠርቶ ላስቲክ የለበሰ፣ ጠጠር የሞላው የተክል መደብ። ፓምፑ የዓሦቹን ውሃ ወደ መደቡ ይገፋል። መደቡ ሲሞላ ሳይፎን የሚባለው ቱቦ ውሃውን በራሱ ስቦ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል። ጠጠሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከዓሦቹ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ተክሉ ናይትሬቱን ይመገባል።

ስንደርስ ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከመደቡ ሥር ነው፤ የሳይፎኑ ቱቦ ላስቲኩን በስቶ ከሚወጣበት ፊቲንግ (የቱቦ ማያያዣ) አጠገብ። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ወዲያው ቁልፍ አወጡ። ዳዶው ላልቷል፣ እናጥብቀው ነው ነገሩ። የቡድናችን አናጢ፣ በዕድሜም በልምድም ታላቃችን ናቸው፣ «ቆዩ እስቲ ልጆች» አሉ። «ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ጎሚኒው ተጨምቆ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ደህናውም ያፈሳል። መጀመሪያ ውሃው የት ድረስ እንደሚወርድ እንየው።»

«ጋሼ፣ ይኸው እኮ እየተንጠባጠበ ነው» አላቸው አንዱ።

«የሚወጣበትን ነው ያየኸው። የሚገባበትን ገና አላየህም።»

ፓምፑን አጠፋን። የአየር ፓምፑን አልነካነውም፤ ዓሦቹ እንዳይታፈኑ። አንድ ባልዲ ውሃ ሞልተን ከገንዳው አጠገብ አስቀመጥንና የሁለቱንም የውሃ ከፍታ በማርከር ምልክት አደረግንበት። ክፍት ውሃ በራሱ ይተናል፤ ሲሞቅና ሲነፍስ ደግሞ ይብሳል። ገንዳውም ባልዲውም እኩል ከወረዱ ውሃውን የወሰደው አየሩ ነው። ገንዳው ከበለጠ ግን የሆነ ቦታ ተቀዷል ማለት ነው። በማግስቱ ስናይ ሁለቱም ምልክቶች ላይ ያለው ልዩነት አንድ ዓይነት ነበር። ገንዳው ነፃ ወጣ። ችግሩ መደቡ ውስጥ ነው።

ቀጥለን የመደቡን መውጫ በክዳን ደፍነን ውሃ ሞላነው። ሳይፎኑን ከጠጠር የሚከልል ሰፊ ቱቦ አለ። በእሱ ውስጥ ቀጭን እንጨት እየሰደድን ከፍታውን ለካን። ውሃው ወረደ፣ ወረደ፣ ከወለሉ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከዚያ በታች ንቅንቅ አላለም።

ይህቺ ነገር ብዙ ሥራ ትቀንሳለች። ውሃ ከቀዳዳው በታች አይፈስም። ፊቲንጉ ያለው ወለሉ ላይ ነው፤ እሱ ቢሆን ኖሮ መደቡ እስኪደርቅ ድረስ ይፈስ ነበር። ስለዚህ ቀዳዳው ግድግዳው ላይ፣ አራት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ታዲያ ለምን ፊቲንጉ ጋ ይንጠባጠባል? ወለሉ ውሃው በደንብ እንዲወጣ ተብሎ ወደ ፊቲንጉ ዘንበል ተደርጎ ተሠርቷል። ከላስቲኩ ጀርባ የገባው ውሃ በላስቲኩና በጣውላው መሃል እየሾለከ እዚያ ድረስ ይሄዳል። ጣውላው ላይ ያገኘው የመጀመሪያ ክፍተት የፊቲንጉ ቀዳዳ ነው።

ጠጠሩን በእጃችን ማውጣት ጀመርን። አካፋ ላስቲክ አካባቢ አይታሰብም። ጠጠሩን ቧንቧ ውሃ አላስነካነውም፤ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። በየባልዲው አድርገን፣ ጥላ ሥር፣ ከዓሦቹ ገንዳ በተቀዳ ውሃ እያርከፈከፍን እርጥበቱን ጠበቅን። ባልዲውን ሞልቶ ማቆምም ጥሩ አይደለም፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉ። ዓሦቹን መመገብ እንድታቆም ለደንበኛዋ ነገርናት። ትንሽ ደነገጠች። ጤነኛ ዓሣ ግን ለጥቂት ቀን ባይበላ ምንም አይሆንም። ማጣሪያው፣ ማለትም ባክቴሪያ ያለበት ጠጠር፣ በሌለበት እየመገቡ አሞኒያውን መቆለል ነው የሚገድለው።

ራቅ ካለው ማዕዘን ደረስን። አናጢው አውራ ጣታቸውን ግድግዳውና ወለሉ ከሚገናኙበት ትንሽ ከፍ ብሎ አሳርፈው ጫን አሉት። ላስቲኩ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ከኋላው ባዶ ነው። ጣታቸው ወደ ውስጥ ሰመጠ። እዚያው ላይ የጥፍር ርዝመት የምታህል ስንጥቅ፣ ውስጧም ስለታም ጠጠር ተሰክቷል። ጠጠሩን ነቅለው አሳዩን። በሌላ እጃቸው ላስቲኩን ገለጥ ሲያደርጉት ከኋላው ሁለቱ ጣውላዎች በደንብ አልገጠሙም፤ ወደ ውጭ ባያልፍም ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ።

መደቡ ሲሠራ በውሃ ብቻ ተሞክሮ ምንም አላፈሰሰም ነበር አለች ደንበኛዋ። እውነቷን ነው። ላስቲክ ውሃ ይይዛል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ክብደቱን የሚሸከመው ጀርባው ያለው ጣውላ ነው። መደቡ 240 በ120 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጥልቀቱ 30 ነው። ጠጠሩና ውሃው ሲደመር ከ1.5 ቶን ያልፋል። ያ ሁሉ ክብደት በስለታም ጠጠር ጫፍ በኩል፣ ጀርባው ባዶ የሆነ የተወጠረ ላስቲክ ላይ ሲያርፍ መቀደዱ አይቀርም። መቼ ነው ብቻ ጥያቄው።

ለምን ተወጠረ? አጥሮ ስለተቆረጠ። ርዝመቱን ስታሰሉ የመደቡን ርዝመት፣ የጥልቀቱን ሁለት እጥፍና በሁለቱም በኩል ለጠርዙ የሚታጠፈውን ትደምራላችሁ። ለዚህ መደብ 240 ሲደመር 60 ሲደመር 40፣ ማለትም 340 ሴንቲ ሜትር። ስፋቱም በዚያው ስሌት 220 ይመጣል። የነበረው ላስቲክ ከዚህ ብዙ ያንሳል። ሌሎቹም ማዕዘኖች እንደዚሁ ተወጥረው ስለነበር መለጠፉን ትተን ሙሉውን ቀየርነው።

አዲሱ ኢፒዲኤም የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ ለዓሣ ገንዳ ተብሎ የተሠራው። ይህንን ማጣራት ያስፈልጋል። ለጣሪያ ተብለው የሚሸጡ ላስቲኮችና አንዳንድ ለስላሳ ፒቪሲዎች ዓሣ የሚጎዳ ኬሚካል ሊኖርባቸው ይችላል።

ከሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ላስቲኩን ማንጠፍ አልነበረም። ሳጥኑ ነው። ክፍተቶቹን በቀጭን እንጨት ደፈንን፣ የቪቴዎቹን ጭንቅላት አሰመጥን፣ ስንጥሩን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን። ከዚያ አናጢው ዓይናቸውን ጨፍነው መላውን ሳጥን በባዶ እጃቸው ዳሰሱት። «ዓይን ይዘላል፣ መዳፍ አይዘልም» አሉ። በላዩ ወፍራም ጨርቅ አነጠፍን፣ ከዚያ ላስቲኩን፣ ለቀቅ አድርገን። ማዕዘኑ ላይ የተረፈውን አጠፍነው እንጂ አልቆረጥነውም። ጠርዙንም ሳናስር ቀስ ብለን ውሃ ሞላን፤ ላስቲኩ በውሃው ክብደት ቦታውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ነው ጠርዙ የሚታሰረው። የፊቲንጉ ቀዳዳ ደግሞ ከሁሉ መጨረሻ፣ ውሃው ከወጣ በኋላ፣ ምንም እጥፋት በሌለበት ቦታ ተቆረጠ።

ጠጠሩ ሲመለስ ክብ ክቡን ለይተን ከታችና ከዳር አደረግነው፣ ስለታሙን ወደ መሃል። ለሙሉ ክብደቱ ሌላ ፈተና ነበረው፦ መውጫውን ደፍነን ሞላነውና በእንጨቱ ለካነው። ሌሊቱን ሙሉ ባለበት ቆየ። ፓምፑ ሲነሳ ናይትራይቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ደንበኛዋ በየቀኑ እየለካች ቁጥሩን ትልክልን ጀመር። ዜሮ ሲገባ ዓሦቹን በትንሽ በትንሹ መመገብ ቀጠለች።