ማንም ያልገዛው ድንጉላ አባት ሲሆን

በሱሉልታና በዙሪያው ባሉ ገበያዎች የፈረስ ዋጋ መውደቁ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያቀርባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ ባጃጅ የጋሪውን ሥራ ቀማው፣ ደላላው ደግሞ የቀረውን ይበላል። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ጋሪ ይመላለስባቸው የነበሩት የከተማ ዳር መንገዶች ዛሬ የባጃጅ ናቸው፤ ደላላም በነጻ አይሠራም። ይሁንና በአንድ ገበያ፣ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ደላላ እጅ ሁለት ፈረሶች ቀርበው አንደኛው የሌላውን ሦስት እጥፍ ሲያወጣ ያየ ሰው ለልዩነቱ ባጃጅን ሊከስስ አይችልም። እኔ ፈረስ ሳረባ የተረዳሁት፣ ዋጋው ገበያ ከመድረሱ ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት፣ ባዝራዋ (እንስቷ ፈረስ) በድንጉላ (ባልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ተጠቅታ ባረገዘችበት ሜዳ ላይ ተወስኖ ያደረ መሆኑን ነው።

ሥራውን የጀመርኩት ከአባቴ በወረስኳቸው ባዝራዎች ነው። በእኛ አካባቢ ፈረስ የሚራባበት መንገድ የታወቀ ነው፤ መኸሩ ተሰብስቦ ድርቆሹ ከታጨደ በኋላ የመንደሩ ከብት ሁሉ በወል ሜዳ ላይ ይለቀቃል፣ ባዝራውም ድንጉላውም ውርንጭላውም አብሮ ይውላል፣ ማን ማንን እንዳጠቃ የሚከታተል የለም፤ በዓመቱ ባዝራዋ ስትወልድ «እግዜር ሰጠ» ይባላል። እንዲህ ሲራባ ፈረስ ወጪ የሌለው ይመስላል። ልብ የማይባለው ነገር ግን የትኛው ወንድ ሜዳው ላይ እንደሚቀር ነው። ቁመናው ያማረና ኮቴው የጠነከረ ወንድ ገና በልጅነቱ የነጋዴ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ይሸጥና ለጋሪ ወይም ለግልቢያ ይሄዳል፣ ብዙውን ጊዜም በሄደበት ይኮላሻል። ጀርባው የጎበጠው፣ የኋላ እግሮቹ ሲሄድ የሚጋጩት፣ ወይም ሰው የሚነክሰው ግን ገዢ ስለማያገኝ እዚያው ይቀራል፤ ማንም ስላልፈለገውም ለማኮላሸት ገንዘብ የሚያወጣለት የለም። የሚመጣው ዓመት ውርንጭላዎች አባት እርሱ ነው። ገበያው ምርጡን እየወሰደ ውዳቂውን ለዘር ሲተውልን ኖሯል ማለት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ በአገራችን የፈረስ ዝርያዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከተለዩት ስምንት ዓይነቶች አንዱ፣ በግልቢያ የሚታወቀው የሰላሌ ፈረስ፣ መነሻው ይኸው የእኛ ደጋ መሆኑ ነው።

ከእነዚህ «እግዜር ሰጠ» ከተባሉት መካከል አንዱን ቡላ ፈረስ ይዤ ገበያ የወጣሁበትን ቀን አልረሳውም። ደላላው ምንም ሳይናገር ከንፈሩን ገልቦ ጥርሱን አየ፤ የመካከለኞቹ የወተት ጥርሶች ወልቀው ቋሚዎቹ በቅለው ስለነበር ዕድሜው ወደ ሦስት ዓመት እንደሚጠጋ ለማወቅ እኔን መጠየቅ አላስፈለገውም። ቀጥሎ መዳፉን ከጋማው ሥር እስከ ወገቡ ድረስ እየተጫነ አሳለፈ፣ ከኋላ ቆሞ የእግሮቹን አቋቋም ተመለከተ፣ የፊት ኮቴውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ግን ፈረሱ ደንብሮ ተፈናጠረ። «ጋሼ፣ ይሄ የሰው እጅ አያውቅም። የኋላ እግሩም ይጋጫል፤ ጋሪ ስር ቢገባ ራሱን በራሱ ያቆስላል» አለኝና የአህያ ዋጋ ጠራልኝ። ለመከራከር ሞከርኩ፤ ነገር ግን ሰውዬው ትክክል ነበር። ከእኛ ደጋ ፈረስ ገዝቶ ወደ ሞጆና ወደ አዳማ የሚያወርድ ነጋዴ፣ በቁስል በኩል ገብቶ ቆዳን በተከታታይ እብጠት የሚያፈርጠውን የፈንገስ በሽታ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ በዚያ ሞቃት አገር በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበረታ በሽታ በመሆኑ፣ እግሩን በራሱ ኮቴ የሚያቆስል ፈረስ ሲያይ ነገ የሚደርስበትን ኪሳራ ዛሬውኑ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡን በጽሑፍ አስቀመጥኩት። ባዝራ 11 ወር ገደማ ታረግዛለች፤ ውርንጭላው ጡት እስኪተው ቢያንስ 6 ወር ይሄዳል፤ 3 ዓመት ሳይሞላው ለኮርቻም ሆነ ለጋሪ መታሰብ የለበትም፣ አጥንቱ በደንብ የሚጠነክረውም ወደ 5 ዓመት ሲጠጋ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ መጥፎው ውርንጭላ ከመልካሙ እኩል ይበላል። ሱሉልታ ድርቆሽ በመኪና እየተጫነ ለአዲስ አበባ የወተት ላም አርቢዎች የሚሄድበት አገር ስለሆነ፣ በውርንጭላ አፍ የሚገባው እያንዳንዱ እስር ሊሸጥ የሚችል ገንዘብ ነው። ፉርሽካውና የሆድ ትል መድኃኒቱ በዚያ ላይ ይታከላሉ። በሬ ቢያረጅ ወይም ቢሰበር ቄራ ይቀበለዋል፤ የፈረስ ሥጋ በማይበላበት አገር ግን ሥራ የማይሠራ ፈረስ የመጨረሻ ዋጋ የለውም። በቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. በሕዝብ ተቃውሞ መዘጋቱም ሕዝቡ በዚህ ጉዳይ ላይ ምን እንደሚያስብ በግልጽ አሳይቷል። እኔም ቄራ ይከፈት የምል አይደለሁም። መውጫ በሌለው ነገር ላይ መግቢያውን ማጥበብ ይገባል ባይ ነኝ፤ በየመንገዱ ዳር የተጣሉትን፣ ጎናቸው የተቆጠረ የጋሪ ፈረሶች ያየ ሰው ለዚህ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ የወሰድኩት እርምጃ ለዘር የማላስቀምጣቸውን ወንዶች ሁሉ ማኮላሸት ነበር። ፈረሱን ጥሎ በእንጨት የመቀጥቀጡ የቆየ ልማድ ሥቃዩ የከፋ፣ ውጤቱም እርግጠኛ ያልሆነ ነው፤ ለበሬ የሚሠራው ቡርዲዞም (ቆዳውን ሳይቆርጥ የሚጨፈልቅ የማኮላሻ መቆንጠጫ) ለፈረስ አይመከርም። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም አመጣሁ። ጊዜውን ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ አደረግሁት፣ ምክንያቱም መሬቱ ደርቆ፣ ብርዱ ገብቶ፣ ዝንቡ የሚቀንስበት ወቅት ነው። ሐኪሙ ማደንዘዣ ሰጥቶ በንጹሕ መሣሪያ ሠራው፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ወጋቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የባለቤቱ ነው፤ የተኮላሸ ፈረስ አንድ ቦታ ታስሮ ከቆመ ቁስሉ ቋጥሮ ስለሚያብጥ በየቀኑ በእግር ማንሸራሸር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር ደግሞ ፈረሱ በተኮላሸ ማግሥት መካን አለመሆኑ ነው፤ የቀረ ዘር በውስጡ ስለሚቆይ ለአንድ ወር ተኩል ያህል ከባዝራ ሊለይ ይገባል። ለማኮላሸት የመረጥኩት ዕድሜ አንድ ዓመት አካባቢ ነው። ወንዱ ሁለት ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ እናቱንና እኅቶቹን እንዲያጠቃ መፍቀድ ነው።

ጎረቤቶቼ በመጀመሪያ አልወደዱልኝም። «ተኮላሽቶ ምን ፈረስ ይሆናል?» ያሉኝ አንድ አባት ለጥምቀት ጉግስ በድንጉላ የወጡ ሰው ናቸው። ስሜታቸው ይገባኛል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረሳቸው ስም በተጠሩበት አገር ድንጉላ ክብር አለው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ለጌታ የሚቀርበው ድንጉላ ከብዙ መካከል ተመርጦ ነበር። እኛ ዘንድ የቀረው ስሙ ነው፤ ምርጫው የለም።

ባዝራዎቹን መያዝ ከወንዶቹ የበለጠ አድካሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባዝራ በየ21 ቀኑ ገደማ ድንጉላ ትፈልጋለች፣ ፍላጎቷም ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። በአውሮፓ ክረምት ሲገባ ቀኑ ስለሚያጥር ባዝራ ለወራት አትጠቃም፤ በእኛ አገር ግን የቀኑ ርዝመት እምብዛም ስለማይለወጥ፣ ሥጋ ያላት ባዝራ በየትኛውም ወር ልትጸንስ ትችላለች። ይባስ ብሎ ከወለደች በኋላ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ድንጉላ ትፈልጋለች። ገና የምታጠባ ባዝራ እንደምትጸንስ የማያስብ ባለቤት ወደ ሜዳ ይለቃታል፤ እርሷም አንዱን እያጠባች ሌላውን አርግዛ የበጋውን ደረቅ ሣር ትጋፈጣለች፣ የሚወለደውም ትንሽና ደካማ ይሆናል። ሁለት ዓመት ሳይሞላት የተጠቃች ወጣት ባዝራ ደግሞ ራሷ ሳታድግ ትወልዳለች፤ ቁመቷ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ባዝራ የወለደችበትን፣ ድንጉላ የፈለገችበትንና የተጠቃችበትን ቀን የምጽፍበት ደብተር ያዝኩ፤ በእነዚያ ቀናት በግቢ ታስራ ድርቆሽ ትበላለች እንጂ ወደ ወል ሜዳ አትወጣም።

ቀጥሎ የትኞቹ ባዝራዎች መውለድ እንደሚገባቸው ለየሁ። መመዘኛዬ ቀላል ነበር፤ ኮቴዋ የማይሰነጠቅ፣ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ልጅ አጠገቧ ቢያልፍ የማትራገጥ፣ በበጋም ሥጋዋን የምትይዝ። መልክ ለመምረጥ አልሞከርኩም፤ ገዢ ዳማ ወይም አምባላይ ሲያይ ልቡ ቢደነግጥም የሚከፍለው ለእግር ነው። ይህን ያላሟሉት ባዝራዎች እንደ ሥራ ፈረስ ተሸጡ። ከመካከላቸው አካላቸው ጥሩ የሆኑ፣ ግን ልጆቻቸው ለግልቢያ የማይሆኑ ጥቂቶችን ትልቅ ቁመት ባለው አህያ አስጠቃኋቸው፤ በቅሎ በእኛ ገበያ ከፈረስ የተሻለ ዋጋ እንዳላት፣ ሰጋር ከሆነች ደግሞ ከጥሩ ፈረስም እንደምትበልጥ ማንም ያውቃል። ይህ ግን አህያውን ከባዝራ ጋር የማለማመድ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ለሁሉም ሰው የምመክረው አይደለም።

ለድንጉላ ስል በሰላሌ በኩል ብዙ ቤት አንኳኳሁ። ከዚያ የያዝኩት ልማድ ድንጉላውን ከማየቴ በፊት ልጆቹን ማየት ነው። የሚያምር አባት ሁሉ የሚያምር ልጅ አይወልድም፤ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆቹ በጋሪና በኮርቻ ስር እንዴት እንደሚሄዱ ማየት ግን ይቻላል። አንድን ድንጉላ ከሦስት ዓመት በላይ አልጠቀምም፣ ምክንያቱም በአራተኛው ዓመት ለመጠቃት የሚደርሱት የራሱ ሴት ልጆች ናቸው።

የዚህን ሁሉ ፋይዳ በደንብ ያየሁት አንድ የፈረስ ማሠልጠኛ ሥራውን ሲያቆም ፈረሶቹን በሐራጅ ባወጣበት ጊዜ ነው። እናትና አባቱ የሚታወቅ፣ የተኮላሸ፣ ኮርቻ የለመደ ፈረስ ሲቀርብ እጅ በእጅ ላይ ይነሣ ነበር። ውርንጭላ ያስከተለች ባዝራ ስትቀርብ ግን ዋጋው ባዶዋን ካለችው በታች ወረደ፤ ተጫራቹ ያየው ሁለተኛ ፈረስ ሳይሆን ሁለተኛ አፍ ነበር። ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ የመጨረሻዎቹ የፈረስ ቄራዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከተዘጉ በኋላ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት የቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ሪፖርት፣ በመዘጋታቸው ምክንያት በሐራጅ የሚሸጡ የዝቅተኛና የመካከለኛ ዋጋ ፈረሶች ዋጋ ከ8 እስከ 21 በመቶ መቀነሱን ገልጿል፤ ውድ የሆኑት ፈረሶች ግን በዚህ ምክንያት ዋጋቸው አልተነካም። ገበያ ሲጠብ የሚወድቀው ከታች ያለው ነው፤ ሳይመረጥ የተወለደው ፈረስ ደግሞ ቦታው ከታች ነው።

አሁን ገዢ ሳላፈላልግ ባዝራ አላስጠቃም። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በተራራውም ሆነ በሱሉልታ በኩል በሰንበት ፈረስ ልጋልብ የሚል ከተሜ በርክቷል፤ ለእነርሱ ፈረስ የሚያከራዩት ሰዎች የሚፈልጉት ልጅ የሚሸከም፣ መኪና ጥሩንባ ቢነፋ የማይደነብር ሰንጋ ፈረስ ነው። እንዲህ ያለውን ለማውጣት ውርንጭላውን ከተወለደበት ሳምንት ጀምሮ እዳስሰዋለሁ፣ ኮቴውን አነሣና እመልሳለሁ፣ ጡት ሳይተው ልጓም የሌለበት ማሰሪያ አለምደዋለሁ። ይህ ሥራ ከድርቆሽ ላይ አንድ እስር እንኳ አይጨምርም፤ ያው ደላላ ኮቴ ለማንሣት ጎንበስ ሲል ፈረሱ እግሩን ራሱ ሲሰጠው ግን የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው። በየዓመቱ የሚወለዱልኝ ውርንጭላዎች ከአባቴ ጊዜ በጣም ያነሱ ናቸው፣ የማገኘው ገንዘብ ግን በልጧል።

ያልተፈታው የወል ሜዳው ጉዳይ ነው። ሜዳው በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት እየጠበበ ስለመጣ የቀሩት ፈረሶች ከበፊቱ ይልቅ ተጠጋግተው ይውላሉ፤ የአንድ ሰው ድንጉላ ካልተኮላሸ የሁሉም ሰው ደብተር ከንቱ ነው። ከአንዳንድ ጎረቤቶቼ ጋር ሐኪሙን በጋራ ልናመጣ፣ ክፍያውንም በየፈረሱ ልንካፈል፣ ዓመት ያለፈውን ወንድ ሳናኮላሽ ወደ ሜዳ ላንለቅ ተስማምተናል፤ «ተኮላሽቶ ምን ፈረስ ይሆናል?» ያሉኝ አባትም ሁለቱን አምጥተዋል፣ ሦስተኛውን ግን ለጉግስ ብለው አስቀርተውታል። ድንጉላው መልካም ነው፣ ቀንም ታስሮ ይውላል። ሌሊት ግን አጥር ስለሚዘል፣ ባዝራዎቼ ድንጉላ በሚፈልጉበት ሳምንት የግቢዬን ሽቦ በአንድ ረድፍ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ የሽቦውን ግማሽ ዋጋም እርሳቸው ከፍለዋል።