የአለማያ ተማሪዎች አልበም

ድሬዳዋ አላስተኛችኝም። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ጠፋ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ፣ በላብ ተነክሬ አነጋሁ። ጠዋት ሒሳብ ስከፍል ደግሞ ማታ ከተስማማንበት ላይ 200 ብር ጨምረው ጠበቁኝ። ተናደድኩ፤ ተከራክሬ አስቀነስኩ። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲያጋምስ ነፋሱም ቀዘቀዘ፣ ንዴቴም በረደልኝ።

ሐረር የሄድኩት ለፎቶ ነው። የጓደኛዬ አባት በ1980ዎቹ አለማያ ግብርና ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው ሐረማያ) ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሲሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማኅበር አባል ነበሩ። ካሜራ የነበራቸው እሳቸው ስለነበሩ የማኅበሩ ፎቶ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ቀረ።

ሸዋ በር ስወርድ ቤታቸው ጠፋኝ። አንድ የባጃጅ ሹፌር በራሱ ስልክ ደውሎ አጣርቶ በር ድረስ አደረሰኝ። ጭማሪ ብሰጠው "እንግዳ አይደለህ እንዴ!" ብሎ መለሰልኝ። የድሬዳዋን ሌሊት ያኔ ረሳሁት።

ሆጃ እየጠጣን አልበሙን ገለጥነው። ገጹ የሚጣበቅ ዓይነት ስለሆነ ፎቶዎቹ አልላቀቅ አሉ። እትዬ የስፌት ክር አመጡና ከፎቶው ሥር አስገብተው ወዲያ ወዲህ እየሳቡ ቀስ ብለው አላቀቋቸው። አንድም አልተቀደደ። ቀለማቸው ወደ ቀይ ሄዷል። ችግኝ ተከላ አለ፣ መረብ ኳስ አለ፣ ለአዲስ ገቢዎች የተዘጋጀ የሻይ ምሽት አለ። አንዱ ላይ አባላቱ ማሽላ ማሳ ውስጥ እስከ ደረታቸው ጠልቀው ይስቃሉ።

ከሁሉ የያዘኝ ግን የሽርሽሩ ፎቶ ነው። ከኋላቸው የሐረማያ ሐይቅ ሞልቶ ይታያል። ያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተማ የመጠጥ ውሃ ሲቀዳ፣ ደለልም ሲሞላው ኖሮ በ1990ዎቹ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ ስመጣ በመስኮት አይቼዋለሁ።

ፎቶውን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው። እኛ ቤት የአባቴ የምርቃት ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አጠገቡ የቆሙትን የሚያውቅ ግን ዛሬ አንድም ሰው የለም። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

"ጋሼ፣ ባርኔጣ ያደረገው ማነው?" አልኳቸው።

"መልኩ አልጠፋኝም ልጄ፣ ስሙ ነው የጠፋኝ።"

ጅማ ላለ የድሮ ጓደኛቸው ደወሉ። ገና ስለ ባርኔጣው ሲጀምሩለት ሰውየው ስሙን ከነአባቱ ጠራው። ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። ስሙን በለስላሳ እርሳስ ጀርባው ላይ ጻፍኩ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ወሬው ቀለጠ፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ውጭ እንደቀረ፣ ማን እንዳረፈ። እኔ እጽፋለሁ።

ሲመሽ የሽርሽሩ ፎቶ ላይ ያልታወቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩ። አንዷን አዲስ አበባ ያሉ ሴት ሳያውቋት አይቀሩም ተብሎ ስልካቸው ተሰጥቶኛል። ነገ እደውላለሁ።