የእድሩ ጸሐፊና የኔ ካልቾ

በሰፈራችን እናቶች ሲመራረቁ «እንደሷ ያለች ልጅ ይስጥሽ» የሚባልልኝ ሰው ነኝ። ልቅሶ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሽማግሌ ሳይ ብድግ እላለሁ። ጮክ ብዬ ስስቅ የሰማኝ የለም። ይሄ እንግዲህ ከበሩ ውጪ ነው። ከበሩ ወዲህ የወንድሜን ጉልበቱ የተቀደደ ቱታ ለብሳ፣ የትናንት ሽሮ ከነድስቱ ታቅፋ አልጋ ላይ የምትበላ ሌላ ፍጡር አለች።

ለዚህ ነው ካሬካኖን ሳነብ ላብ ያጠመቀኝ። የማሳሚ ትሱዳ ሾጆ ማንጋ ነው፣ ማለትም ለልጃገረዶች የሚዘጋጅ የጃፓን የሥዕል ታሪክ፤ በጃፓኑ ላላ መጽሔት ከ1996 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 21 ቅጽ። ዩኪኖ ሚያዛዋ ትምህርት ቤት እንከን የላትም። ቤት ስትገባ ቱታ፣ መነጽር፣ የተጠቀለለ ፀጉር። ሌሊቱን የምታጠናው ለእውቀት ብላ እንዳይመስላችሁ። «ጎበዝ!» መባል ሱስ ሆኖባት ነው። ደራሲዋም አትምራትም። ዩኪኖ አፏ ላይ ፈገግታ፣ ሆዷ ውስጥ ቅናት ይዛ ስትቆም፣ የሆዷን ነገር አንድ ሳታስቀር ገጹ ላይ ትዘረግፈዋለች።

የምትቀናበት ልጅ ሶይቺሮ አሪማ ነው፤ አንደኛነቷን የነጠቃት። የሱም ጨዋነት ቢሆን ጉድ አለው። ወላጆቹ የጣሉት ልጅ ነው፤ ያሳደገውን አጎቱን እንዳያሳፍር ሲል የደረበው ካባ ነው። አንድ ቀን ሲዲ ይዞ ቤቷ ይመጣል። ቤተሰብ መስሏት በካልቾ ትቀበለዋለች። በዚያው ቱታ!

ሳቄ ሊገድለኝ ደረሰ። ታናሽ ወንድሜ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ በምን እንደምቀበለው እዚያው ወሰንኩ።

በሩ ተንኳኳ። መጠርጠር ነበረብኝ፤ ወንድሜ አንኳክቶ አያውቅም።

«ና አንተ ሆዳም!» ብዬ በሩን በርግጄ ሰነዘርኩ።

የእድራችን ጸሐፊ ናቸው።

ቁመት የነሳኝ አምላክ ይመስገን፣ እግሬ አልደረሰባቸውም። ነጠላ ጫማዬ ግን በረረ። የያዙትን ፌስታል አስጥሎ የወሩን ደረሰኝ ግቢው ውስጥ በተነው። ማንጋ ቢሆን ከኋላችን የሚበተነው አበባ ነበር።

ጋሼ ጫማውን አዩ። ቱታዬን አዩ። አገጬ ላይ የደረቀውን ሽሮ አዩ።

«አንቺ... እኅቷ ነሽ?»

«አዎ» አልኩ። ሰው ምን ይለኛል ማለት ሰውን እንዴት እንደሚበላው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳነብ ቆይቼ፣ «አዎ፣ ታላቋ ነኝ» አልኩ።

ጋሼ ቀስ ብለው እስክሪብቶ አወጡ። «እንግዲያው በቤተሰብ ፎርሙ ላይ ላስገባሽ። እዚህ እኅት የሚባል የለም። ስም?»

ስም አጣሁ። የራሴን ተናገርኩ።

ማታ ቀጣዩን ክፍል ከፈትኩ። ዩኪኖ ጭንብሏን ስታወልቅ የክፍሏ ሴቶች ያገልሏታል። እያለቀስኩ፣ በማግስቱ ቡና ላይ ማን ማን እንደሚያኮርፈኝ በጣቴ ቆጠርኩ። ቡናው ላይ ግን አንዷ እትዬ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው «ምነው ትንሽ ቀደም ብለሽ በሰነዘርሽ፤ ያለፈውን ወር ቅጣት እኔን ሳያስከፍሉኝ» አሉኝ።

ጋሼ ለሰው አልተናገሩም ብዬ የያዝኩት ተስፋ እዚያ ላይ አበቃ።

አሪማ የዩኪኖን ምስጢር ይዞ የተማሪዎች ምክር ቤቱን ሥራ አሸክሟታል። ጋሼ ማንጋ አያነቡም፤ ዘዴው ግን ያው ነው። «ኮምፒውተር ትችያለሽ አሉ» ብለው ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የተጻፈ የእድር መዝገብ አስታቀፉኝ። ኤክሴል ላይ እየገለበጥኩ ነው። ግማሹ አባል በቅጽል ስም ነው የተመዘገበው።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለተኛውን ደብተር ይዘው መጡ። አላንኳኩም። አጥሩ ጋ ቆመው ተጣሩ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ! እግርሽን ሰብስቢ!»