ሴቭ ሲደረግ የሚባክነው ጊዜ

የማስታወሻ መጻፊያ አፕ እየሠራሁ ነው። ሰሞኑን ሴቭ ባደረገ ቁጥር ስክሪኑ ቀጥ ይል ጀመር። ሰው ሐሳቡን እየጻፈ እንዲጠብቅ ማድረግ በጣም ይከብደኛል።

ማስታወሻዎቹ የሚቀመጡበትን ፋይል ከፍቼ አየሁት። ጄሰን ነው፤ ዳታ ከነስሙ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ፎርማት። «የተፈጠረበት ቀን» የሚለው ስም በየማስታወሻው ይደገማል። የባሰው ግን ሌላ ነው። ጄሰኑን የሚጽፍልኝ ላይብረሪ (ዝግጁ የፕሮግራም ክፍል) አማርኛውን በፊደሉ አይጽፈውም፤ እያንዳንዷን ፊደል በኮድ ይተካታል። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የተለመደ የፊደል አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል፤ እንዲህ ሲጻፍ ግን 6 ይሆናል። አንዲት ሴቲንግ ቀየርኩና አማርኛው የሚይዘው ቦታ በግማሽ ወረደ።

ፍጥነቱ ግን ያው ነበር። አንድ ቃል ሲታረም ፋይሉ በሙሉ እንደ አዲስ ይጻፋላ! ስለዚህ ዳታውን የተቀየረውን ክፍል ብቻ መጻፍ ወደሚችል ዳታቤዝ፣ ወደ ኤስኪውላይት፣ አዛወርኩት። የድሮ ማስታወሻዎችን ሳስገባ ጭራሽ ባሰበት። ለካ እያንዳንዱን ለየብቻ ሳስገባ፣ ኤስኪውላይት ዲስኩ ላይ መድረሱን በየተራ ይጠብቃል። ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን (እንደ አንድ ሥራ አንድ ላይ በሚጸድቅ ጥቅል) ጠቀለልኳቸው፤ ወዲያው አለቀ። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ልዩ ነበር።

ፋይል የሚያምቀውን ጂዚፕን ለባካፕ ብቻ ነው የምጠቀመው። የማመቂያ ደረጃውን ከተለመደው 6 ወደ 9 ባሳድገው ጊዜ ፈጀ እንጂ የፋይሉ መጠን ያን ያህል አልቀነሰም። የጄፔግ ፎቶዎችን አልነካሁም፤ ድሮም የታመቁ ናቸው።

ኤስኪውላይት ዲስኩን እንዳይጠብቅ ማድረግም ይቻላል። እሱን አላደርገውም። መብራት ድንገት ቢጠፋ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል፤ የሰው ጽሑፍ ነው።